ከመጠምጠም መማር ይቅደም
ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ፣ ስለ መሣሪያውና ስለ ሠራተኛው ልማድ

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ጥምጥም የተማረ ሰው ምልክት ነው፤ ምልክቱን አስቀድሞ ትምህርቱን ማስከተል ግን የነገሩን ተራ መገልበጥ ነው። ይህ ምሳሌ የተነገረው ለቤተ ክህነት ተማሪ ቢሆንም፣ ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ለምንማር ወጣቶች እጅግ የሚስማማ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ።

ፕሮግራም ማለት ኮምፒዩተር አንድ ሥራ እንዲሠራ በተራ በተራ የሚሰጠው ዝርዝር ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተር ትእዛዝ ይፈጽማል እንጂ የአዛዡን ልብ አያውቅም፤ የተባለውን ሁሉ ያደርጋል፣ ያልተባለውን ግን አያደርግም። ስለዚህ ፕሮግራም ጻፊ ከሁሉ አስቀድሞ ሐሳቡን አጥርቶ የሚናገር ሰው መሆን አለበት።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሐሳብ ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ነው። አንደኛው ራሴ ከመጻሕፍትና ከሙከራ ያገኘሁት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአክስቴ ልጅ ያስተማረኝ ነው። እርሱ እዚሁ መቐለ ተምሮ፣ ዛሬ ለሱቆችና ለክሊኒኮች ፕሮግራም እየጻፈ የሚኖር ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ከጐኑ እየተቀመጥሁ ሥራውን ተመልክቻለሁ። ስሙ እንዳይጻፍ ስለ ለመነኝ «ወንድም ጋሼ» እያልሁ እጠራዋለሁ። አንባቢ እንዳይሳሳትም፣ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስታውሳለሁ።

1. መሣሪያና ሙያ

ፕሮግራም ጻፊ ብዙ መሣሪያ አለው። ትእዛዙን የሚጽፍበት ቋንቋ አለ፤ ያንን ቋንቋ ኮምፒዩተሩ ወደሚገባው ቍጥር የሚመልስ ተርጓሚ አለ፤ በየቀኑ የተለወጠውን ሁሉ እየመዘገበ የሚጠብቅም አለ። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዐት የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ ነበር። ይኸው ሰው በ2005 ጊት የሚባለውን የለውጥ መዝገብ ሠራ። ፓይተን የተባለውን ቋንቋ ደግሞ ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮስም በ1991 አወጣው። ዛሬ ያረጀ ላፕቶፕ ያለው የመቐለ ተማሪ በካሊፎርንያ ያለ መሐንዲስ የሚሠራባቸውን እነዚህን መሣሪያዎች እንዳሉ ሊያገኛቸው ይችላል። እንግዲህ ልዩነቱ ከመሣሪያው ላይ ካልሆነ፣ ከወዴት ነው?

ከተማችን በድንጋይ ሕንጻዋ የታወቀች ስለ ሆነች ከዚያው ምሳሌ ልውሰድ። ድንጋይ ጠራቢ መሮው ሲደነዝዝበት ይስለዋል እንጂ በየወሩ አዲስ መሮ አያምረውም። ባንድ መሮ ብዙ ዓመት ስለ ሠራ፣ የትኛው ድንጋይ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ እጁ ያውቃል። በፕሮግራም ሥራ ላይ የተሰማራን ወጣቶች ግን አንዱን መሣሪያ ሳንለምደው ወደ ሌላው እንዘላለን። ከዚያም አልፎ «የኔ ቋንቋ ካንተ ቋንቋ ይበልጣል» እየተባባልን እንደ ኳስ ቡድን ደጋፊዎች እንከራከራለን። ጥቁር ገጽ ላይ ባለ ቀለም ጽሑፍ ከፍቶ መቀመጥ ለብዙዎቻችን ጥምጥም ሆኗል።

ወንድም ጋሼ ስለዚህ ነገር ሲናገር፣ «ቋንቋ መምረጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማሰብ መማር ግን የብዙ ዓመት ነው» ይላል። እርሱ ራሱ ትእዛዙን የሚጽፍበትን ፕሮግራም ከስምንት ዓመት ወዲህ አልለወጠም። ባንድ ነገር ግን አልስማማም። እርሱ ጀማሪ ተማሪ ዴኒስ ሪቺ በ1972 ገደማ በቤል ላቦራቶሪ በሠራው ሲ በተባለው ቋንቋ መጀመር አለበት ይላል፤ ምክንያቱም ሲ የኮምፒዩተሩን ሆድ ዕቃ ያሳያል። በኔ አስተያየት ግን ጀማሪ የድካሙን ፍሬ ቶሎ ካላየ ተስፋ ስለሚቈርጥ ፓይተን ይሻለዋል። ከዚህም በላይ ፓይተን በ2008 ከወጣው ከሦስተኛው ዕትሙ ጀምሮ ያንድን ነገር መጠሪያ በራሳችን ፊደል ለመጻፍ ያስችላል፤ «ድምር = 0» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ወንድም ጋሼ «የሌላ አገር ሰው አብሮህ ሲሠራ አያነብልህም» ብሎ ይቃወመኛል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሚማር ልጅ የሚያውቀው ቃል ከማያውቀው ይቀርበዋል።

2. ፊደላችን በኮምፒዩተር ውስጥ

ከመሣሪያው ሥር ያለውን ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ይኸውም ዘወትር በስልካችን የምንጽፈው የግዕዝ ፊደል ነው።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቍጥር ይሰጠዋል። በ1963 አሜሪካኖች አስኪ የሚባለውን ሠንጠረዥ ሲያወጡ ቦታው 128 ብቻ ነበር፤ ይህም ለእንግሊዝኛ ፊደል፣ ለቍጥርና ለምልክት በቂ ነው። ባይት የሚባለው የኮምፒዩተር መስፈሪያ ራሱ ቢበዛ 256 ልዩ ልዩ ቍጥሮችን ነው የሚይዘው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ በ1999 በሦስተኛው ዕትሙ የኛን ፊደል ሲቀበል ግን ከቍጥሮቹና ከነጥቦቹ ጋራ 345 ምልክቶች አስገብቷል። እንግዲህ ፊደላችን ባንድ ባይት ውስጥ የማይገባው ስለዚህ ነው። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት አጻጻፍ አንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንዱ የኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «መቐለ» ብለን ስንጽፍ ኮምፒዩተሩ ዘጠኝ ባይት ያስቀምጣል ማለት ነው።

የሚያስደንቀው የቍጥሮቹ ሥርዐት ነው። «ሀ» 4608 ተባለ። ከዚያም ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠው፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ሲሆኑ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት ነው። ስለዚህ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632፣ ሠ 4640፣ ረ 4648፣ ሰ 4656፣ ሸ 4664፣ ቀ 4672፣ ቈ 4680፣ ቐ 4688፣ ቘ 4696፣ በ 4704፣ ቨ 4712፣ ተ 4720 እያለ ይቀጥላል።

እንግዲህ 4608 ራሱ ለስምንት ያለ ቀሪ የሚካፈል ስለ ሆነ፣ የማናቸውንም ዋና ፊደል ቍጥር ለስምንት ብናካፍለው ቀሪው የፊደሉን ተራ ይነግረናል። ቀሪው 0 ቢሆን ግዕዝ ነው፤ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ ነው። ለምሳሌ የ«ማ» ቍጥር 4635 ነው፤ ለስምንት ሲካፈል 579 ደርሶ 3 ይቀራል፤ 3 ራብዕ ነው። «መቐለ» ደግሞ 4632፣ 4688፣ 4616 ስለ ሆነች፣ ሦስቱም ፊደሎቿ ያለ ቀሪ ይካፈላሉ፤ ሁሉም ግዕዝ ናቸው። የየኔታ ተማሪ በዜማ የሚቈጥረውን ሀሁ ኮምፒዩተሩ በማካፈል ይቈጥረዋል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ የ«ለ»ን ቤት ወደ ራብዕ የሚለውጥ ፕሮግራም በአንድ መስመር ይጽፋል፤ የማያውቅ ግን ሁለት መቶ ፊደል አንድ በአንድ ሲዘረዝር ይውላል።

3. የጥቂት ሰዎች ድካምና የብዙዎች ስምምነት

ፊደላችን ወደ መኪና የገባው በቀላሉ አይደለም። ከኢጣልያ ወረራ በፊት መሐንዲስ አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ፣ ችግራቸው ለላቲን ፊደል በተሠራው ጠባብ ገበታ ላይ ይህን ያህል ፊደል እንዴት እንደሚገባ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከኮምፒዩተሩ ጋራ ታገሉ፤ ከነዚህም መካከል መሐንዲስ ፍሥሐ አጥላውና የእንስሳት ሕክምና ሊቅ የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድ አዲስ ችግር መጣ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ ለፊደሉ የራሱን ቍጥር ሰጠ። ባንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ያገራችን መሥሪያ ቤቶች ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉት በሚሠሩበት ጊዜ ይህ ችግር የታወቀ ነበር። እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድ ይወቅ በ1990ዎቹ ሴራ የተባለውን፣ የግዕዝን ፊደል በላቲን ምልክት አድርጎ የሚያስተላልፍ ሥርዐት አዘጋጁ። በመጨረሻም ከላይ እንደ ተናገርሁት በ1999 ዩኒኮድ ፊደሉን ሲቀበል፣ ለ«ሀ» በዓለም ሁሉ አንድ ቍጥር ሆነላት።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እነዚያ የቀደሙ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ዛሬ ከሥራ ወጥተዋል፤ ስምምነቱ ግን ቀርቷል። ወንድም ጋሼ እንደሚለው፣ ጥሩ ፕሮግራም ጻፊ ማለት ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ጀግና ማለት አይደለም፤ ሥራው ከሌላው ሰው ሥራ ጋራ እንዲገጥም የሚያስብ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ እዚህም ላይ ይሠራል።

4. መሣሪያው እኛን ያውቀናል ወይ?

በሩቅ አገር የተሠራ መሣሪያ የሠሪውን አገር ልማድ ይዞ ይመጣል። ወንድም ጋሼ ለአንድ ክሊኒክ የበሽተኞች መዝገብ ሲሠራ ያጋጠመውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገጠመው የስም ነገር ነው። ከውጭ የተገኘው መሣሪያ «የቤተ ሰብ ስም» ይጠይቃል፤ ባንድ የቤተ ሰብ ስም የተጠሩትንም እንደ አንድ ቤት ሰዎች ይሰበስባቸዋል። በኛ አገር ግን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፤ እናት ደግሞ የራስዋን አባት ስም ይዛ ትኖራለች። በዚያ መሣሪያ አስተሳሰብ እናትና ልጅ የተለያየ ቤት ሰዎች ሊሆኑ ነው። ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ መዝገብ ላይ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሕፃን ልደቱን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነውም ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲቀር ነው፤ 2015 ዓ.ም. ለአራት ሲካፈል 503 ደርሶ 3 ስለሚቀር በዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ነበረች። ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። በሽተኛው «በሦስት ሰዓት ና» ሲባል የሚረዳው ጧት ነው፤ መኪናው ግን ሦስት ሰዓት ሲል ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ነው። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን በሰዓት ለሚወስድ ሰው ቀልድ አይደለም።

የፊደሉም ነገር እንዲሁ ነው። በአማርኛ «ዓለም» እና «አለም» ባንድ ድምፅ ስለሚነበቡ፣ አንዳንድ ፕሮግራሞች ፍለጋ እንዲቀል ብለው አ እና ዐን፣ ሀ እና ሐን አንድ ያደርጓቸዋል። ለአማርኛ ይህ ጠቃሚ ነው። በትግርኛ ግን ሐ እና ዐ ከጕረሮ የሚወጣ የራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ ቢደባለቁ ንባቡ ይበላሻል። ስለዚህ ላንዱ ቋንቋ የተሻለው መሣሪያ ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቋንቋ የምናውቅ የዚህ ከተማ ልጆች ይህን ካላስተዋልን ማን ያስተውልልናል?

በሰፊው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አዲስ አበባ የተወለደችው ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋራ በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ፊት አይተው ወንድና ሴት የሚለዩ ሦስት የኩባንያ ፕሮግራሞችን መረመሩ። ፕሮግራሞቹ ነጣ ያለ መልክ ባላቸው ወንዶች ላይ የተሳሳቱት ቢበዛ ከመቶ 0.8 ሲሆን፣ ጠቈር ያለ መልክ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ደርሷል። መሣሪያ ያልታየውን ሰው አያውቅም።

5. የሥራ ልማድ

ወንድም ጋሼ ሲሠራ ካየሁት ልማድ ለኛ ለተማሪዎች ይጠቅማል ያልሁትን ከዚህ ቀጥሎ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ ከወረቀት ይጀምራል። ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት የሚሠራውን ነገር ባንድ ዐረፍተ ነገር በደብተር ይጽፈዋል። ባንድ ዐረፍተ ነገር ካልተጻፈለት «ገና አልገባኝም» ብሎ ወደ ባለ ጉዳዩ ተመልሶ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፤ ጥቂት በጥቂት ይሠራል። አሥር መስመር ያህል ከጻፈ በኋላ መሥራቱን ይፈትናል። መቶ መስመር ጽፎ ባንድ ጊዜ የሚፈትን ሰው ስሕተቱ ከወዴት እንደ ገባ ለማግኘት ይቸገራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፤ ለነገሮች የሚያወጣላቸው ስም ግልጽ ነው። የተማሪን ውጤት «ሀ» ብሎ ቢጠራው ዛሬ ያውቀዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ራሱም አያውቀውም። «የተማሪ ውጤት» ብሎ መጥራት ግን ላንባቢም ለራስም ምሕረት ነው።

አራተኛ፤ ሥራውን በሦስት ቦታ ያስቀምጣል፤ አንዱን በኮምፒዩተሩ፣ አንዱን በፍላሽ፣ አንዱን በሌላ ቤት። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህን ለማድረግ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም።

አምስተኛ፤ ስሕተት ሲያጋጥመው አይደናገጥም። በመስከረም 1947 በሃርቫርድ በነበረው ማርክ ሁለት በተባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ሠራተኞቹ አንዲት የእሳት ራት ተጣብቃ አገኙ፤ አውጥተውም በመዝገባቸው ላይ ለጠፏት። ነገሩን መፈለግ፣ ማግኘት፣ መመዝገብ፤ ሥርዐቱ ይኸው ነው። ወንድም ጋሼም ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ አምስት ነገር የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅምና።

ስድስተኛ፤ ሲጨንቀው ለሰው ያስረዳል። ብዙ ጊዜ የሚያስረዳው ለእናቱ ለአክስቴ ነው። እርስዋ ቡና እየቈላች ትሰማዋለች። ስለ ኮምፒዩተር አንዳች አታውቅም፤ ነገር ግን «ቈይ፣ ይህ ከየት መጣ?» ስትለው፣ ወይም ዝም ብላ ስታየው ብቻ፣ ስሕተቱን ራሱ በንግግሩ መካከል ያገኘዋል።

ሰባተኛ፤ ሌሊት ይተኛል። ሌሊት አለመተኛት የብልህ ምልክት ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን። ደክሞ የተጻፈ ትእዛዝ ግን በማግሥቱ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይበላል።

6. ኢንተርኔት በጠፋበት ዘመን

ይህ ሁሉ ምክር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ እኛ በዐይናችን ያየነው ፈተና አለ። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ተዘጉ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ተጀመረ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ስልክ ጥቂት ጊዜ ተመልሶ እንደገና ጠፋ፤ መብራትም ባንኮችም እንዲሁ። አገልግሎቶቹ መመለስ የጀመሩት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ከክፍላችን ሦስት ዓመት ያህል ርቀን ቈየን።

በዚያ ዘመን የመሣሪያዎች እውነተኛ ጠባይ ተገለጠ። በኢንተርኔት ፈቃድ ካልተሰጣቸው በቀር የማይከፈቱ ፕሮግራሞች እንደ ተዘጋ በር ሆኑ። በራሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ መሣሪያና አስቀድሞ የተገለበጠ መምሪያ ያለው ሰው ግን መብራት በመጣ ቍጥር ይሠራ ነበር። ወንድም ጋሼ የፓይተንን መምሪያ ከጦርነቱ በፊት አውርዶ አስቀምጦት ነበር። መጻሕፍትና ፕሮግራሞች በፍላሽ ከቤት ወደ ቤት ይዞሩ ነበር።

እርሱም መብራት በሌለበት ቀን የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ የግቢውን የብረት በር ሰሌዳ አድርጎ በጠመኔ ያስተምረን ነበር። እኔ ያን ጊዜ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አንዱ ልጅ «ኮምፒዩተር» ይሆናል፤ ሌላው ትእዛዙን ያነብለታል፤ «ኮምፒዩተሩ» ከተባለው በቀር ምንም ማድረግ አይፈቀድለትም። የመጀመሪያውን ፕሮግራሜን የጻፍሁት በደብተር ነው፤ ዓመተ ምሕረት ተቀብሎ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት መሆንዋን የሚናገር ነበር። በኮምፒዩተር ላይ ለማየት የቻልሁት ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በደብተር እንደ ጻፍሁት ገለበጥሁት፤ ሠራም።

ይህን ስል ያ ዘመን በጎ ነበር ማለቴ አይደለም። የጠፋው ሕይወትና የባከነው ትምህርት በምንም አይካስም። የምለው ይህ ነው፤ መሣሪያው ሁሉ ከእጃችን ሲወሰድ፣ በጭንቅላታችን የገባው ብቻ ቀረልን።

7. ስለ አዲሱ ረዳት

ቻትጂፒቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሕዝብ የተከፈተው በ2022 በኅዳር ወር መጨረሻ ነው፤ ከፕሪቶሪያው ስምምነት አንድ ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ስለዚህ እኛ ይህን አዲስ ረዳት ያገኘነው ባዶ በሆኑት ሦስት ዓመታት ማግሥት ነው። ዛሬ «ፕሮግራም ጻፍልኝ» ቢሉት ይጽፋል፤ የቤት ሥራም ይሠራል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ወላጆች «እንግዲህ ልጆቻችን ይህን ለምን ይማራሉ?» ሲሉ ይሰማሉ። አንዳንድ ጓደኞቻችንም ያመለጠንን ሦስት ዓመት በዚህ አቋራጭ እንደርስበታለን ብለው ያስባሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ወንድም ጋሼም በዚህ ረዳት ይሠራበታል፤ ሥራውን እንዳፈጠነለት አይክድም። ነገር ግን አንድ ሕግ አለው፤ ለሌላ ሰው ሊያስረዳው የማይችለውን አንድም መስመር በሥራው ውስጥ አያስገባም። እኔም ከዚህ ጋራ እስማማለሁ። ለምሳሌ የጳጉሜንን ፕሮግራም ጻፍልኝ ብንለውና ረዳቱ የአውሮፓውን ሕግ ተከትሎ «ቀሪው ዜሮ ሲሆን» ብሎ ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ይሠራል፤ መልሱ ግን ሐሰት ነው። ይህን የሚይዘው 2015 ዓ.ም.ን በወረቀት አካፍሎ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ረዳት የሚጠቅመው ሥራውን ለሚያውቅ ጌታ ነው፤ ለማያውቅ ግን ረዳቱ ጌታው ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወላጆቻችን ሆይ፣ ላፕቶፕ ለመግዛት ብላችሁ የምትደክሙትን ድካም እናውቃለን። ነገር ግን ልጃችሁ ምን እንደሚማር ለማወቅ የኮምፒዩተር ዕውቀት አያሻችሁም። እንደ አክስቴ ቡና እየቈላችሁ «እስቲ አስረዳኝ» በሉት። ማስረዳት ካልቻለ ገና አልተማረም።

መምህሮቻችን ሆይ፣ ኮምፒዩተር ለሁላችን ባይደርስም ትምህርቱ አይቅርብን። በጠመኔና በደብተር የሚሠራ ብዙ አለ። ፈተናውም «ጻፍ» ብቻ ሳይሆን «ለምን እንደዚህ ሆነ?» የሚል ይጨመርበት።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ መሣሪያ መርጠን ቢያንስ አንድ ዓመት እንጽናበት። በሰፈራችን ያለውን ችግር እንፈልግ፤ ጳጉሜንን የማያውቅ መዝገብ፣ የእናትን ስም የማያውቅ ቅጽ፣ ሐ እና ሀን የሚያደባልቅ ፍለጋ ብዙ ነው። እነዚህን ከኛ ይልቅ የሚያውቃቸው የውጭ አገር መሐንዲስ የለም።

ለመለማመጃ የሚሆን አንድ ጥያቄ ትቼላችሁ ጽሑፌን እፈጽማለሁ። በሁለተኛው ክፍል የሰጠሁትን የቍጥር ተራ ተመልክታችሁ፣ ኮምፒዩተር ሳትከፍቱ በወረቀት ብቻ የሚከተለውን ቃል አንብቡ፤ ሁሉም ፊደል ለስምንት ሲካፈል አንድ ዐይነት ቀሪ አለው።

4725፣ 4637፣ 4613፣ 4653፣ 4725።